የአጎቴ ስም የትኛው ድንጋይ ላይ ነው?

ባለፈው ሳምንት ለጉዳይ አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። ጉዳዬ በግማሽ ሰዓት አለቀ። ማለቴ፣ ነገ ና ተባልኩ። ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ነገ ና። ቀኑን የት ልጣለው? እግሬ ወደ ቸርችል ጎዳና ወሰደኝ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ያለውን የትግላችን ሐውልት ታውቁታላችሁ። በታክሲ ሳልፍ መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ። ገብቼበት ግን አላውቅም ነበር። ገባሁ።

መጀመሪያ የሚያመው አንገት ነው። ዓምዱ 50 ሜትር ገደማ ነው፤ ጫፉ ላይ ቀይ ኮከብ አለ። ግራና ቀኝ ግድግዳው ላይ ሕዝብ ተቀርጿል፤ ወታደሩ፣ ገበሬው፣ ባንዲራው፣ ጠመንጃው። ቅርጹ የሰሜን ኮሪያ ስጦታ ነው። መታሰቢያነቱ በኦጋዴን ጦርነት ለተዋጉት ለኛም ለኩባም ወታደሮች ነው። አንዱ ወታደር ፊት ቆምኩ። ደረቱ በር ያህላል። ክንዱ ግንድ ነው። አጎቴ እንዲህ አልነበረም። ባለችን አንዲት ፎቶ ላይ አንገቱ የሸሚዙን ኮሌታ አይነካም። ባርኔጣው ጆሮው ላይ ነው ያረፈው።

ታሪኩ አጭር ነው። በ1969 የእናት አገር ጥሪ መጣ። ደሴ፣ ከሙጋድ ሰፈር ተነስቶ ታጠቅ ጦር ማሠልጠኛ ገባ፣ ሠለጠነ፣ ያቺን ፎቶ ላከ፣ ወደ ምሥራቅ ሄደ። በቃ። መርዶ አልመጣም። ወረቀትም አልመጣም። አያቴ፣ ሞተ ሳልባል አላለቅስም ብላ ልቅሶ አልተቀመጠችም። ጁምአ ጁምአ ቡና አፍልታ ዱአ ታስደርግለታለች፤ ጎረቤቷ ደግሞ ለቅዱስ ሚካኤል ትሳልለታለች። ወሎ ነው እንግዲህ። ከዚያ አያቴ ሌላ ነገር አደረገች። ቅሬ አስገባችው። የሌላ አገር ሰው ካነበበኝ፣ እኛ እድርን ቅሬ ነው የምንለው። ሲመለስ ትዳር ይይዛል፣ የራሱ ቅሬ ያስፈልገዋል ብላ በስሙ በየወሩ ትከፍል ነበር። እሷ እስከሞተችበት እስከ 1996 ድረስ።

እና ያን ሐውልት ዙሪያውን ዞርኩት። ስም እየፈለግኩ። እንደማላገኘው አውቃለሁ፤ ግን ፈለግኩ። አላገኘሁትም።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ደሴ ላይ ወይም ኮምቦልቻ ላይ፣ ፈረስ የሌለበት፣ ጎራዴ የመዘዘ ሰው የሌለበት፣ ስም ብቻ ተደርድሮ የተጻፈበት መታሰቢያ ቢኖረንስ? ሃሳባችሁን ጣሉ።

ይሄን መድረካችን ላይ ለጥፌ ተኛሁ። በሳምንት ውስጥ 35 መልስ መጣ። ሁሉንም አልገለብጥም፤ የያንዳንዱን ፍሬ ነገር በቁጥሩ ልንገራችሁ።

1. የመጀመሪያው መልስ ሁሌም ቀድሞ የሚደርሰው ሰውዬ ነው። ጥሩ ሃሳብ ነው አለ። ሌላ ምንም አላለም። ጽሑፉን እንዳላነበበው አውቃለሁ፤ ቢሆንም ደስ ይላል።

2. ከኮምቦልቻ የጻፈች ሴት አባቷ በዚያው ዓመት ታጠቅ እንደገባ ነገረችን። እሷ ያኔ ሆድ ውስጥ ነበረች። አባቷም ፎቶ ልኳል። በሷም ፎቶ ላይ ባርኔጣው ሰፊ ነው፤ ጆሮ ላይ ቁጭ ያለ። ከዚያ እንቅልፍ የነሳኝን ነገር ጠየቀች። ምናልባት ፎቶ አንሺው አንዲት ባርኔጣ ብቻ ይዞ ለሁሉም ተራ በተራ ያደርግላቸው ነበር ወይ? ያንተ አጎት ባርኔጣ ግንባሩ ላይ በስተቀኝ የተጨማደደ ነገር አለው ወይ? ተነስቼ ፎቶውን በመብራት አየሁት። ከርቀት ስለተነሳ እርግጠኛ መሆን አልቻልኩም። የተጨማደደ ነገር ግን አለ።

3. ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ገቡ። እዚህ መድረክ ላይ ሁላችንም አንቱ የምንላቸው እሳቸውን ነው። በትሕትና አንድ ነገር ልጨምር ብለው ጀመሩ። ሐውልቱ የተመረቀው መስከረም 1977 ነው፤ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር። ዓመተ ምሕረቱን ወሎዬ ልብ ይበለው ብለው አቆሙ። ከዚያ በላይ አልሄዱም። መሄድም አላስፈለጋቸውም።

4. ቀጣዩ ሰው ሄደበት። እናቱ በረሃቡ ጊዜ ባቲ መጠለያ ውስጥ ነበረች። 77 ማለት ለሱ ኮከብ አይደለም፤ ባቲ ነው፣ ኮረም ነው። በመስከረም አዲስ አበባ ላይ ሰልፍና ምረቃ ሲደረግ እናቱ ታናሽ እህቱን በነጠላ ጠቅልላ ለሚቀብሩት ሰዎች ሰጠች። ዓለም ኮረምን በቴሌቪዥን ያየው በጥቅምት ነው። የመልሱ መጨረሻ ሹል ነበር። ስም ይጻፍ ካላችሁ የጦርነት ሟች የምትሉት ማንን ነው? ዩኒፎርም የለበሰውን ብቻ ነው? እህቴ መቼ ጠመንጃ ያዘች? ሲል ጠየቀ።

5. አንድ ሰው ረጋ ብሎ ተቃወመው። ድርቅ ድርቅ ነው፣ ጦርነት ጦርነት ነው፣ አናደባልቀው አለ። ዝናብ የቀረው በጦርነት አይደለም።

6. አራተኛው ተመለሰ። ዝናቡስ በፈጣሪ ቀረ፤ እህል የሚጭነው መኪና ግን ወታደር ሲጭን ነበር አለ። ሰሜኑ በጦርነት ተይዞ መንገዱ ተዘግቶ የትኛው ድርቅ ነው ለብቻው የገደለው? እዚህ ላይ ወንድሜ መባባሉ ቀረ። እኔ በበኩሌ ከሱ ጋር ነኝ። መነሻዬ ላይ ስለ አጎቴ ብቻ ስጽፍ ስለነዚያ አንድም ጊዜ አላሰብኩም ነበር።

7. የደሴና ኮምቦልቻ ሚኒባስ ሹፌር ነገሩን ወደ አገር ቤት መለሰው። እናንተ አዲስ አበባ ሄዳችሁ ድንጋይ ታያላችሁ፤ የጦር ሜዳው እግራችሁ ስር ነው አለ። ሐረጎን በቀን አራቴ ይወጣል ይወርዳል። ጉሙ ሲወርድ ፊት ያለውን መኪና የሚያየው በዓይኑ ሳይሆን በአፍንጫው ነው፤ የተቃጠለ ፍሬን ሲሸተው ይቀንሳል። እዚያ ቁልቁለት ላይ በጣሊያን ጊዜ ስንት ሰው እንዳለቀ አያቱ ይነግሩት ነበር። ቦታው ላይ አንዲት ምልክት የለም። ጎማ የሚጠግኑበት ቦታ ብቻ ነው ያለው።

8. እንግሊዝ ጣሊያንን እዚያ ላይ ነው የሰበረው አለ አንዱ፣ በልበ ሙሉነት።

9. መምህሩ ሳይወዱ በግድ ተመለሱ። እንግሊዝ አይደለም፤ የደቡብ አፍሪካ 1ኛ ብርጌድ ነው፣ አዛዡ ዳን ፒናር። ከኮምቦልቻ በላይ ያለውን በር ጣሊያኖች አጥብቀው ይዘውት ነበር። ውጊያው በሚያዝያ 1933 ለቀናት ቆየ። ኢትዮጵያውያን ተዋጊዎችም አብረዋቸው ነበሩ። ሚያዝያ 18 ደሴ ተያዘች። ከዚያ በኋላ የጨመሩት ግን ከማረሚያው ይበልጥብኛል። ጉለሌ ያለውን የኮመንዌልዝ የጦር መቃብር አይተውታል። ሣሩ የታጨደ ነው። ድንጋዩ በረድፍ ቆሟል፣ በየድንጋዩ ላይ ስም። ከነሱ ጎን ተሰልፈው ሐረጎ ላይ የቀሩትን የኛን ሰዎች ስም ዝርዝር ግን አርባ ዓመት ሲያስተምሩ አላገኙም።

10. አንድ ወጣት በጣም ተደንቆ መጣ። ጣሊያን ደሴን በአውሮፕላን የደበደበው በፈረንጅ ዲሴምበር 6 ነው፤ ጃንሆይ ራሳቸው ፀረ አውሮፕላን መትረየስ ይዘው የተነሱት ፎቶ የዚያን ጊዜ ነው። በ2014 የመንግሥት ጦር ደሴንና ኮምቦልቻን መልሶ የያዘውም ዲሴምበር 6 ነው። ይሄ አጋጣሚ ነው ወይስ የፈጣሪ ምልክት ብሎ ጠየቀ።

11. የቀን አቆጣጠር የሚያውቅ ሰው ሳይጠራ አይቀርም። በኛ ቀን አይገጥምም አለ። 1927 ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን 6 ሆናለች፤ ስለዚህ 1928 ዘመነ ዮሐንስ አንድ ቀን ዘግይቶ ገባ። ቦምቡ የወደቀው ኅዳር 26 ነው። 2014 ግን ማርቆስ ነው፤ ያ ቀን ኅዳር 27 ላይ ዋለ። የፈጣሪ ምልክት ቢሆን በፈረንጅ አቆጣጠር አይሆንም ነበር ሲል ደመደመ። ሳቅኩ። እንዲህ ዓይነት ሰው በየሰፈሩ አንድ አለ።

12. አንዲት እናት ተቆጡ። ሰው ስለ ሞተ ልጁ ሲያወራ ጳጉሜን ትቆጥራላችሁ አሉ። ቆጣሪው ይቅርታ ጠየቀ። ትንሽ አኩርፎ።

13. ይሄኛው መልስ ረጅም ነው፤ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የጻፉት ካራማራ የነበሩ የቀድሞ ወታደር ናቸው። የሚጽፍላቸው የልጅ ልጃቸው እንደሆነ መጀመሪያ ላይ አስታውቀዋል። የካቲት 26 ቀን 1970 ስለተባለው ድል ብዙ አላሉም። ከዚያ በፊት ስለነበሩት ሳምንታት ነው ያወሩት። ጓደኛ ሲወድቅ እዚያው ነው የሚቀበረው። መሬቱ ድንጋይ ነው፤ ጉድጓዱ ከጉልበት አይዘልም። ከነሱ መካከል አንድ የቄስ ተማሪ የነበረ ልጅ ነበር። የሟቹን ስም፣ ያባቱን ስምና አገሩን በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ይጽፍና ጠቅልሎ ባዶ ቀልሃ ውስጥ ይከታል። አፉን በድንጋይ ጠቅጥቆ ይዘጋዋል። ከሬሳው ጋር ደረቱ ላይ ያደርግለታል። ሰባት ጊዜ ሲያደርግ አይተዋል። ስምንተኛው ራሱ ልጁ ነበር። ለሱ የጻፈለት የለም፤ ከቀሩት ውስጥ ፊደል የሚያውቅ አልነበረም። ቀልሃውን ባዶውን አደረጉለት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ስም የለም አትበል፤ ስሙ አለ፣ አፈር ስር ነው ያለው አሉኝ።

14. አንዱ ምስጋና አቅርቦ አፍንጮ በር አካባቢ ያለውን የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ እንዳይ መከረኝ። ወደ ኮሪያ 6,037 ሰው ሄደ፣ ከ120 በላይ ሞተ፣ አንድም አልተማረከም። ይሄን ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል። የቃኘው ሻለቆች ከክቡር ዘበኛ ስለወጡ አንድ በአንድ ተመዝግበው ነው የሄዱት። ሚሊሻው ግን በጥሪ ከየቀበሌው ተጭኖ ነው የወጣ። ሳይቆጠር የሄደ ሰው ሳይቆጠር ይቀራል አለ። መራራ ነው፤ ግን መልስ አጣሁለት።

15፣ 16 እና 17። ሦስቱም ለካራማራው ጋሼ ዕድሜ የተመኙ ናቸው። አንዱ የጡረታ ነገራቸውን ጠየቃቸው። አልመለሱም።

18. እዚህ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የአጎቴን ስምና ሰፈር በውስጥ መስመር ላክሁላቸው። በማግስቱ በልጅ ልጃቸው በኩል መለሱልኝ። አያውቁትም። ግን የወሎ ልጅ ብዙ ነበር አሉ፤ ማታ ማታ መንዙማ የሚያወርድ አንድ ቀጭን ልጅ ነበር፣ ስሙን ረስቼዋለሁ። አጎቴ መንዙማ ይችል እንደሆነ የምጠይቀው ሰው የለኝም። የሚያውቁት ሁሉ ሞተዋል።

19. የውይይቱ ጸባይ የተለወጠው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ጎረምሳ ይሄ ሁሉ የሽማግሌ ጦርነት ነው አለ። ጣሊያን፣ ሶማሊያ። የኛው የት ሄደ? በጥቅምት 2014 ከደሴ በእግር የወጣነው እኛ ነን። ድንጋይ ከቆመ የኛ ሟቾች ስም ብቻ ይጻፍበት አለ። ብቻ የምትለዋን ቃል ሁለት ጊዜ ጽፏታል።

20. የኛ የምትለው ማንን ነው የሚል አጭር መልስ መጣ።

21. ይሄን አወያዩ አጥፍቶታል። ከመጥፋቱ በፊት አንብቤዋለሁ። ደግ አደረገ።

22. ይህችን ሴት ከዚህ በፊት እዚህ አይቻት አላውቅም። አባቷ የደሴ ሰው፣ እናቷ የራያ። ወንድሟ በዚህ በኩል ወደቀ። አክስቷ መቀሌ ነው የምትኖረው፤ የአክስቷ ልጅ በዚያ በኩል ወደቀ። በአንድ ዓመት ውስጥ። ሁለቱ ልጆች ትንንሽ ሆነው ክረምቱን በአንድ አልጋ ነው ያሳለፉት፣ ሳላይሽ ሰፈር፣ አያታቸው ቤት። ስልክ ተቋርጦ ስለነበር እህትማማቾቹ አንዷ ያንዷን ልጅ መሞት አልሰሙም። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ መስመሩ ሲከፈት እናቷ ደወለች። ሁለቱም ሄሎ አላሉም። ስልኩን ጆሮ ላይ እንደያዙ ይለቃቀሳሉ። ልጅቷ እናቷ አጠገብ ተቀምጣ 11 ደቂቃ ቆጠረች። ከዚያ ካርዱ አለቀ።

አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። እናንተ ድንጋዩን ስትጽፉ እናቴ የአንዱን ስም አንብባ የሌላውን ስታጣ ምን ትበል?

23. ለአንድ ቀን ከሩብ ማንም አልጻፈም። በዚህ መድረክ እንዲህ ያለ ዝምታ አይቼ አላውቅም። ከዚያ የመጣው መልስ አንድ ቃል ነው። አብሽሪ። የጻፈው ያው 19ኛው ጎረምሳ ነው። ወሎዬ ላልሆነ ሰው ይህቺን ቃል ማስረዳት አልችልም።

24. የወረ ኢሉ ሰው ነኝ ያለ አንድ አንባቢ ወደ ሰገሌ ወሰደን። ንጉሥ ሚካኤል የልጃቸውን የኢያሱን ዙፋን ለማስመለስ ሲዘምቱ ወሎ እንዳለ ተከተላቸው። ቶራ መስክ ላይ የራስ ልዑልሰገድን ጦር ደመሰሱ፤ ራሱም ወደቀ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ግን ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። ከዚያ ሜዳ ያልተመለሰው የወሎ ሰው ብዛት በየቤቱ ሲወራ ነው የኖረው። ለዓድዋ ሐውልት አለን፣ ሙዚየም አለን። በዓድዋ የዘመተውም ይሄው ፈረሰኛ ነበር። ሰገሌ ላይ የሞተው ግን የገደለው የራሱ ወገን ስለሆነ መታሰቢያ አላየሁለትም አለ። እርስ በርስ ስንጋደል ድንጋይ አናቆምም፤ ሐፍረታችንን አናውቅም አትበሉ ሲል ጨረሰ።

25፣ 26 እና 27። የጠበቅኩት ሆነ። ኢያሱ ጥፋተኛ ነበር አልነበረም የሚል ክርክር ተነሳ። ከኢያሱ ወደ አይጠየፍ አዳራሽ ሄዱ። ማንም ሳይጠየፍ የሚበላበት ስለነበር ነው ስሙ የወጣለት፣ ዛሬስ እንዴት ይዘነዋል ተባለ። ከአይጠየፍ ወደ ጠጅ ሄዱ። የት ያለው ጠጅ ይሻላል የሚለው ላይ ሁለቱ ሊጣሉ ደርሰው ነበር። እዘልላቸዋለሁ።

28. አንዲት የሰፈር ሰው፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ተቀምጬ ሁለት ሳምንት ቧንቧዬ ውሃ አላየም፣ እናንተ ሐውልት ታቆማላችሁ አለች። ስንት ሰው እንደወደደላት አልነግራችሁም።

29. የሹፌሩ ሁለተኛ መልስ ነው። ያላለቀ ነገር ሐውልት አይቆምለትም፤ ዛሬም መንገድ ላይ የማየው አለ፣ ስለሱ እዚህ አልጽፍም አለ። ሁላችንም ምን እንደሆነ ገብቶናል።

30. ሃሳቤን ያስለወጠኝ ይሄኛው ነው። ሆጤ አካባቢ ያለ የአንድ ቅሬ ጸሐፊ ነው የጻፈው። 14 ዓመት መዝገብ ይዟል። ወንድሜ፣ የምትፈልገው ዝርዝር አዲስ አይደለም፤ መዝገባችን ውስጥ አለ፣ ግን ስም ሆኖ አይደለም ያለው አለኝ። ጦርነት ላይ የሚሞተው አብዛኛው ልጅ ነው። ልጅ የቅሬ አባል አይደለም፤ አባል አባቱ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው የሚጽፈው የእከሌ ልጅ ልቅሶ፣ ድንኳን አንድ፣ ወንበር 60፣ ሦስት ቀን ብሎ ነው። ቀጥሎ ቀብር የሚል አምድ አለ። እዚያ ላይ የለም ብሎ ይጽፋል። በ2014 እና በ2015 ቀብር የለም የሚለውን ስንት ጊዜ እንደጻፈ መቁጠር ጀምሮ ነበር። አቆመው። የድሮ መዝገቦችን ሲገልጥ ከሱ በፊት የነበሩት ጸሐፊዎችም በ70፣ በ82፣ በ83 ያንኑ የለም ጽፈውት አገኘው። እጅ ጽሑፉ ይለያያል፤ ቃሉ አንድ ነው።

31. መምህሩ ይሄ ሊቀዳ የሚገባው ነገር ነው አሉ። ሰነድ ነው፣ ሻጋታ ሳይበላው ፎቶ ይነሳ አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቃለ አጋኖ ሲጠቀሙ አየኋቸው።

32. አንዱ የቅሬ ገመና አደባባይ አይወጣም ብሎ ተቃወመ። ማን ስንት ውዝፍ እንዳለበት ሁሉ ሊታይ ነው? እውነቱን ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊውና እሱ ረጅም ተከራከሩ፤ ፎቶ የሚነሳው የልቅሶው ገጽ ብቻ እንዲሆን ተስማሙ።

33. እኔ ነኝ። ማክሰኞ ከሥራ በኋላ የሰፈራችን ቅሬ ዳኛ ቤት ሄድኩ፤ ዳኛ የምንለው የቅሬውን መሪ ነው። ሰውዬው አያቴን ያስታውሷታል። ከአልጋቸው ሥር ሣጥን ጎተቱ። አራት መዝገብ አወጡ፤ አንዱን አይጥ በልቶታል። አጎቴን ያገኘነው ሁለተኛው ላይ ነው። ከ1970 ጀምሮ ስሙ አለ። መጀመሪያ 50 ሳንቲም፣ ከዚያ አንድ ብር፣ መጨረሻ ላይ ሦስት ብር። ጸሐፊው በተለወጠ ቁጥር የስሙ አጻጻፍ ይለወጣል። አንዱ በሐመሩ ሐ ጽፎታል፣ ሌላው በሃሌታው ሀ፣ አንዱማ ያባቱን ስም አበላሽቶታል። 26 ዓመት አንድም ወር አልተዘለለም። በየክፍያው ትይዩ አውራ ጣት አለ፤ የአያቴ፣ በሰማያዊ ቀለም። መጀመሪያ ላይ መስመሩ ጥርት ያለ ነው። እየቆየ ሲሄድ ጣቷ ቆዳው አልቆ መሰለኝ፣ ቀለም ብቻ ይሆናል።

1996 ጥር ላይ ክፍያው ይቆማል። በቀይ እስክሪብቶ ስሙ ላይ ተሰርዟል። ጎኑ ላይ አቋረጠ ይላል።

ቅሬ ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ቆዩ። ከዚያ እንደ ቀልድ፣ በመተዳደሪያ ደንባችን ያቋረጠ አባል ውዝፉን ከነቅጣቱ ከከፈለ ስሙ ይመለሳል አሉኝ። ስሙ ከተመለሰ ደግሞ ቀብር ባይኖርም ድንኳን ይገባዋል። ቡናው ቀርቦ ስለነበር ሁለታችንም ዝም ብለን ጠጣን። ስወጣ ስንት እንደሚሆን ያስሉልኝ ብያቸው ወጣሁ።

34. የሆጤው ጸሐፊ እሱ ራሱ አስልቶ ላከው። ሰንጠረዥ ሠርቶ። ቅጣቱን ለየብቻ አስቀምጦታል፤ ቅጣቱ ላይ ተነጋገር፣ ለሟች ይቀነሳል ብሎም መክሮኛል። ቅዳሜ እከፍላለሁ ብዬ መለስኩ። ድንኳኑን ስለመጣሉ ገና አልወሰንኩም፤ እህቴን ማማከር አለብኝ።

35. የባርኔጣዋ ሴት ናት። ቅዳሜ ደሴ ስለምትወጣ የአባቷን ፎቶ ይዛ ብትመጣ አስቸግርሃለሁ ወይ ብላ ጠየቀች። ጎን ለጎን አድርገን ያቺን ግንባሩ ላይ ያለችውን ጭምዳድ እንያት አለች። ሹፌሩ ከሥሯ ገብቶ፣ ሰሞኑን ሐረጎ ላይ ጉሙ ከባድ ነውና ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት እንዳትነሳ ነገራት።